የድንጋይ መጋዝ ሲያስቸግር

በትርፍ ጊዜው ድንጋይ እየቆረጠና እያለሰለሰ ጌጥ የሚሠራ ሰው ስሞታው የሚጀምረው ከመጋዙ ነው። «ዲስኩ አልቆርጥ አለ»፤ «ቁራጩ ባንድ ወገን ወፍሮ ባንድ ወገን ሳስቶ ወጣ»፤ «ድንጋዩ መካከል ላይ ዲስኩን ነክሶ ያዘው»። ስሞታው እውነት ነው። መፍትሔ ብሎ የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ አይረዳውም፦ አሮጌውን ዲስክ ፈትቶ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ የፊተኛውን ጠባይ ይይዛል። ሕመሙ የሚታየው ዲስኩ ላይ ቢሆንም ምንጩ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። በዚህ ትምህርት የምንፈልገው ያንን ምንጭ ነው፤ ለዚህም አስቀድሞ መጋዙ ምን እንደሚሠራ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል።

የእንጨት መጋዝ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ እንጨቱን እየቦጨቀ ያወጣል። የድንጋይ መጋዝ ጥርስ የለውም። ክብ የብረት ዝርግ ሲሆን ዙሪያውን ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ አለው፤ በዚህ ጠርዝ ውስጥ የአልማዝ ቅንጣት ከነሐስ ወይም ከሌላ ብረት ዱቄት ጋር ተደባልቆ በሙቀትና በጫና ተጣብቋል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የማዕድናት ጥንካሬ ደረጃ አልማዝ 10 ነው፤ አጌትና ጃስፐር ከ6.5 እስከ 7፣ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ናቸው። ስለዚህ ከብረቱ ብቅ ያለች እያንዳንዷ የአልማዝ ቅንጣት ድንጋዩን ትጭራለች። አንድ ቁራጭ የሚወጣው እንዲህ ባለ ስፍር ቁጥር በሌለው ጭረት ነው።

አሠራሩ ከአልማዝ ዲስክ በፊትም ይኸው ነበር። የቀድሞ ቆራጮች ባዶ የብረት ዲስክ አሽከርክረው፣ ከሥሩ በጭቃ የተለወሰ ሻካራ ዱቄት እያስነኩት ድንጋይ ይቆርጡ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሲሊከን ካርባይድን በእቶን መሥራት ከቻለ በኋላ ዱቄቱ በብዛት ከዚሁ ሆነ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ሰው ሠራሽ አልማዝ መሥራቱን አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላ የአልማዝ ዲስክ በየቤቱ ጋራዥ ለሚሠራ ሰው አቅም እየቀረበ መጣ። በሁለቱም ዘመን ብረቱ ተሸካሚ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የተሸከመው ቅንጣት ነው። ይህን የያዘ ተማሪ የቀረውን ራሱ ሊደርስበት ይችላል፦ ቅንጣቱ ከብረቱ ወጥቶ መታየት አለበት፤ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሳይወላገድ በአንድ መስመር መሄድ አለበት። መጋዝ ባስቸገረ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ጎድሏል።

የመጀመሪያው ጉድለት መዶልዶም ነው። ሰውን ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው፤ የዶለዶመ ዲስክ አዲስ ይመስላልና። ለምን ቢሉ፣ ጤነኛ ዲስክ ሲሠራ ብረቱም አብሮ በጥቂቱ ይበላል። የዛለችው ቅንጣት ትወድቃለች፤ ከሥሯ ያለችው ስል ሆና ትወጣለች። አሸዋማ ድንጋይ ብረቱን ፈጥኖ ስለሚበላው ዲስኩ ቶሎ ቢያልቅም ሁልጊዜ ስል ነው። እንደ አጌትና ጄድ ያለ ጥቅጥቅና ደቃቅ ድንጋይ ግን ብረቱን አይበላውም። ቅንጣቶቹ ባሉበት ጫፋቸው ይከብባል፤ ብረቱም በላያቸው ተለስኖ ይደፍናቸዋል። ውድና ጠንካራ ድንጋይ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ዲስኩ ሳያልቅ የሚሞትበት በዚህ ምክንያት ነው።

መዶልዶሙን ለመለየት ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ፣ ዲስኩ ቆሞ ሳለ ጠርዙን በጥፍር ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። የተከፈተ ጠርዝ እንደ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ጥፍሩን ይይዛል። የዶለዶመው ያንሸራትታል፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ያብረቀርቃል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ያየ ሰው ደግሞ የበለጠ ይማራል፦ በጤነኛ ጠርዝ ላይ ከእያንዳንዷ ቅንጣት ኋላ ሳይበላ የቀረ ትንሽ የብረት ጉብታ ይታያል። ቅንጣቷን ደግፎ የሚይዛት እርሱ ነው። ዲስኩ ላይ ቀስት ተስሎ ከሆነ ቀስቱን ማክበር ያለብን ስለዚህ ነው። አገላብጦ የገጠመ ሰው ድጋፉን ከኋላ ወደ ፊት ያዞረዋል፤ ቅንጣቶቹም ደጋፊ አጥተው ይረግፋሉ። ዲስኩን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውጭ የዞረውን ፊት በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉበት።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የእህል ወፍጮ ሲለሰልስ እንደሚወቀር ሁሉ ይህም ጠርዝ ይወቀራል፤ መውቀሪያው ግን መዶሻ ሳይሆን ለስላሳና አሸዋማ ነገር ነው። ለዚሁ የተሠራ የሲሊከን ካርባይድ ዘንግ፣ ያረጀ የመሳያ ድንጋይ፣ ወይም በጣት ሲያሹት የሚረግፍ ጡብ ወስዳችሁ ማቀዝቀዣው እየፈሰሰ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥልቀት ሳትሰጡ ቁረጡበት። ዱቄቱ የተለሰነውን ብረት ይበላና ቅንጣቱን ይገልጠዋል። ከዚያ በላይ መደጋገም ገና የሚሠራ አልማዝ ማባከን ነው።

ለመዶልዶም ፍጥነትም ድርሻ አለው። 25 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ዲስክ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 13 ሜትር ያህል ይጓዛል። ያው ሞተር በዚያው ዙር 15 ሴንቲሜትር ዲስክ ሲያዞር የጠርዙ ጉዞ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ የዲስክ መጠን የለወጠ ሰው ሳያውቀው ፍጥነትም ለውጧል። ድንጋዩ በጠነከረ ቁጥር የጠርዙ ጉዞ መቀነስ አለበት። ሲፈጥን ቅንጣቷ ድንጋዩን ሳትነክስ በላዩ ላይ ታልፋለች፤ ራሷም ትለሰልሳለች። ከመጠን በላይ ሲዘገይ ደግሞ በጥልቅ ነክሳ ከቦታዋ ትነቀላለች። አምራቹ ለዲስኩ የጻፈውን የዙር ገደብ አንብቡ፤ ለአጌትና ለጄድ ወደ ዝቅተኛው ጠጋ በሉ።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚያልፉትን አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ትልልቆቹ መጋዞች ድንጋዩን ወደ ዲስኩ የሚያስጠጉት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ በገመድ በተንጠለጠለ ክብደት ይስባሉ፤ ሌሎቹ በሞተር በሚዞር ጥርስ ባለው ረጅም ቡሎን ይገፋሉ። ዲስኩ በክብደት በሚስበው ላይ ሲዶለዱም ቆረጣው ይዘገያል፤ ከዚህ የባሰ ነገር አይመጣም። በቡሎን የሚገፋው ግን ዲስኩ ቻለም አልቻለም መግፋቱን አያቆምም። ድንጋዩ ከጠርዙ አቅም በላይ ፈጥኖ ሲመጣ ቀጭኑ ብረት ወደ ጎን ማምለጫ ይፈልጋል፤ ይጎብጣል፤ ጎብጦም ይቀራል። እንግዲህ ያው መዶልዶም በአንዱ መጋዝ ላይ የጊዜ ኪሳራ፣ በሌላው ላይ የዲስክ ሞት ነው። መጋዛችሁ ባለ ቡሎን ከሆነ ጠርዙን ቶሎ ቶሎ ፈትሹ፤ በጣም ቀርፋፋውን መግፊያም ምረጡ። ከሞተሩ ወደ ዲስኩ ኃይል የሚያስተላልፈውን ቺንጋም ከሚገባው በላይ አትወጥሩት። ጥቂት ልል የሆነ ቺንጋ ዲስኩ ሲነከስ ይንሸራተታል፤ የተወጠረው ግን የሞተሩን ኃይል በሙሉ በተነከሰው ዲስክ ላይ ያወርዳል።

ሁለተኛው ጉድለት የማቀዝቀዣ ነው፤ ዋናው ዘይት ወይም ውኃ ወደ ጠርዙ መድረሱ ነው። ቋት ውስጥ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የዲስኩ የታችኛው ጠርዝ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይጥለቅ። ድንጋዩ በገባበት ቦታ የብርቱካን ቀለም ያለው ብልጭታ ካያችሁ ጠርዙ እየደረቀ ነውና ወዲያው አቁሙ። ረጅም ቆረጣ ላይ ዘይቱ በጭጋግ መልክ እየወጣ ቋቱ ይጎድላል፤ ስለዚህ ደረጃው ከመጀመሪያ ብቻ ሳይሆን በመካከልም ይታይ። ከድንጋዩ የሚወጣው ዝቃጭም ይወፍራል። የወፈረ ዝቃጭ ራሱ ሻካራ ነው፤ ከአልማዙ ጠርዝ በታች ያለውን ባዶ ብረት ከሁለቱ ጎን ይበላና ያሳስተዋል። ዝቃጩን በወረቀት ከረጢት አጥልሉት፤ ዘይቱ ተመልሶ ያገለግላል። የቀረውን ጭቃ ግን ወደ መታጠቢያ ቱቦ መድፋት አይገባም፤ ይረጋና ቱቦውን ይዘጋል።

ለትልቅ መጋዝ ሽታ አልባ የማዕድን ዘይት ይመረጣል፤ ያቀዘቅዛል፣ ያለሰልሳል፣ ብረት አያዝግም። የቀደሙት ነጭ ጋዝና ናፍታ ይጠቀሙ ነበር፤ እኔ ማንንም አልመክርም። ነጭ ጋዝ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ትነት ይሰጣል፤ መጋዝ ደግሞ ብልጭታ የሚወልድ፣ ጭጋግ የሚረጭ ዕቃ ነው። የመኪና ራዲያተር መከላከያ ፈሳሽም እንዲሁ ይቅር፤ ብዙው ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነም ሕፃናትንና የቤት እንስሳትን ይስባል። ውኃ ለትንንሽ መጋዝ መልካም ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ቋቱ ይደፋ፣ ዲስኩም ይድረቅ። ውኃ ውስጥ ቆሞ ያደረ ዲስክ የጠለቀው ክፍል ብቻ ይዝጋል።

ሦስተኛው ጉድለት መንጋደድ ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት «ተንደርኤግ» የሚባል ክብ ድንጋይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቱ መለያ ድንጋይ ተብሎ ታውጇል። ውጭው ሸካራና ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሲከፈት መካከሉ አጌት ይሆናል። ይህን ድንጋይ ለመቁረጥ የማይጓጓ የለም፤ ለመጋዝ ግን ፈተና ነው። አንደኛ፣ ክብ ስለሆነ ድንጋይ ማሰሪያው ሞርሳ በደንብ አይይዘውም። ሁለተኛ፣ ዲስኩ የክቡን ተዳፋት በሰያፍ ሲነካ ጠርዙ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከ1 ሚሊሜትር ብዙ የማይወፍር ብረት በመጀመሪያዋ ሴንቲሜትር ወደ ጎን ከታጠፈ፣ የቀረው ቆረጣ ሁሉ በዚያው ጠማማ ቦይ ውስጥ ይሄዳል።

ስለዚህ ድንጋዩን ስታስሩ ዲስኩ መጀመሪያ የሚነካው ቦታ ለዲስኩ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት የቆመ ይሁን። ካልተቻለ መነሻ ቦይ በመሳያ ድንጋይ አውጡለት። ጠርዙ በሙሉ እስኪገባ ድረስ በእጅ፣ በጣም በዝግታ አስጠጉ። በሞርሳው ብረትና በድንጋዩ መካከል የእንጨት ሽብልቅ ይግባ፤ እንጨት በድንጋዩ ቅርጽ ይረግጣል፣ ብረት ግን በአንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚይዘው። ካሰራችሁ በኋላ ድንጋዩን በሁለት እጅ ይዛችሁ በኃይል ወዝውዙት። እጃችሁ ካነቃነቀው መጋዙም ያነቃንቀዋል። በምንም ለማይያዝ ድንጋይ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በጠንካራ ማጣበቂያ አጣብቆ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ እንጨቱን ማሰር ነው። የሚቆረጠው ውፍረትም ልክ አለው፦ ከዲስኩ ዲያሜትር ሲሶ ገደማ። 25 ሴንቲሜትር ዲስክ ለ8 ሴንቲሜትር ድንጋይ ነው።

ድንጋዩ በደንብ ታስሮ፣ ዲስኩም ስል ሆኖ አሁንም የሚነክስ ከሆነ መጋዙ ራሱ ጠማማ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍተሻ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሽኑ ከመብራት ይነቀል። ሞርሳው ላይ ጫፉ የሾለ ሚስማር እሰሩ፤ ጫፉ በዲስኩ የፊት ጠርዝ አጠገብ ይምጣ፤ በመካከላቸው አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። ሚስማሩ የሚያመለክተውን የዲስክ ነጥብ በቀለም ምልክት አድርጉ። አሁን ሞርሳውን ወደ ኋለኛው ጠርዝ ግፉት፤ ዲስኩንም በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ምልክት ከሚስማሩ ፊት አምጡ። ወረቀቱ በዚያው ልክ ማለፍ አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ከጠፋ ዲስኩን የሚሸከመው ዘንግ ለሞርሳው ጉዞ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ የአንዱን ኩሽኔታ ማሰሪያ ቡሎኖች አላልቶ በጥቂቱ ማንቀሳቀስና እንደገና መለካት ነው። ያንኑ ምልክት ይዘን የምንሄደው ለምን ቢሉ፣ ዲስኩ ራሱ ትንሽ ቢወላገድ የእርሱ መወላገድ ልኬታችንን እንዳያበላሽ ነው። የተራ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ይህ መለኪያ ከሚመስለው በላይ ጥንቁቅ ነው።

ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨምቀው የሚይዙትን ክብ ብረቶችም አውልቃችሁ አጽዱ። እኩል ስፋት ይኑራቸው። በመካከላቸው የተቀበረ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ጠርዙ ላይ ሲደርስ በዓይን የሚታይ መወላገድ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የተቆረጠውን ፊት ማንበብ እንማር፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ቁራጩን በሳሙና አጥባችሁ ብርሃን በሰያፍ እንዲያርፍበት ያዙት። ደቃቅና እኩል የቅስት መስመሮች ብቻ ካሉ ሁሉም ደህና ነው። በእኩል ርቀት የሚደጋገም ጠለቅ ያለ ጭረት ካለ አንድ የሚወላገድ ወይም የላላ ነገር አለ፤ ኩሽኔታውን ፈትሹ። ድንገተኛ ደረጃ ካለ ድንጋዩ በዚያች ቅጽበት ሞርሳው ውስጥ ተንቀሳቅሷል። ቁራጩ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየሳሳ ከሄደ ወይ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ዞሯል፣ ወይ የሞርሳው የጎን ማንቀሳቀሻ ልል ነው። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስታስቀምጡ መካከሉ ጎድጉዶ ወይም አብጦ ብርሃን ካሳለፈ ግን ዲስኩ ራሱ ጎብጧል። በመጨረሻው ጫፍ ላይ የቀረች ጉብታ ቁራጩ ተቆርጦ ሳያልቅ በክብደቱ ተሰብሮ መውደቁን ትነግራለች። ይህ በጊዜ ካልታረመ ወዳቂው ቁራጭ ዲስኩን ሊነክስ ስለሚችል የመጨረሻዋን ሴንቲሜትር አዘግዩ።

በእጅ ተይዞ በሚቆረጥበት ትንሽ መጋዝ ላይ የሚበዛው ጥፋት ሌላ ነው። ሰው ድንጋዩ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ይስልና መስመሩን ተከትሎ ሊያዞር ይሞክራል። ዲስክ በቀጥታ ብቻ ይሄዳል፤ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሳለ ድንጋዩን ያዞረ ሰው ብረቱን በእጁ አጎበጠው። በአጫጭር ቀጥታ ቆረጣዎች ጠርዝ ጠርዙን አንሱ፤ ክቡን የማለስለሻው ጎማ ይጨርሰዋል።

ስለ ዘይት የተናገርነው ለአገራችን ኦፓል እንደማይሠራ ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል በዓለም ላይ ባሉ የድንጋይ ቆራጮች ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ብዙው ፈሳሽ የሚመጥ ነው። ውኃ ሲጠጣ መስታወት መስሎ የቀለም ጨዋታው ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይት ከጠጣ ግን መልኩ ሊበላሽና ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በንጹሕ ውኃ፣ ዘይት ነክቶት በማያውቅ ቋት፣ በቀጭን ዲስክ ይቆረጥ። የትናንቱ ዝቃጭ ያለበት ውኃም ቀለሙን ያስገባበታልና ይቀየር። ድንጋዩ ከራሰ በኋላ ቀለሙ የት እንደነበረ ስለማይታይ የመቁረጫ መስመሩን በደረቁ፣ በሾለ የአሉሚኒየም ሽቦ አስምሩ፤ የብዕር ቀለም ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። ከተቆረጠ በኋላ ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ በችኮላ የደረቀ ኦፓል ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀናት ይፍጅበት።

የኳርትዝ ዘር የሆነ ድንጋይ ሁሉ ብናኙ ሳንባን ያቆስላል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ በደረቅ መቁረጥ ፈጽሞ አይሞከር። ወለል ላይ የደረቀውን ጭቃ አትጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት፤ ጭጋግ ባለበት ቦታም ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ የአፍንጫ መሸፈኛ ይደረግ።

አንድ ጊዜ የጎበጠ ዲስክ በጠርዝ መክፈት አይድንም። ሙያው ያለው ሰው በልዩ መዶሻ እየመታ ሊያቃናው የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ለትልቅና ውድ ዲስክ ይህ ያዋጣል። ለትንሹ አያዋጣም። በእርሱ ላይ ተጨማሪ ድንጋይ ከማባከን አውልቁት፤ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ግን ሚስማሩንና ወረቀቱን ይዛችሁ ዘንጉን ለኩ፣ የሞርሳውን ልል ቡሎኖች አጥብቁ፣ ቋቱን አጽዱ። የአዲሱ ዲስክ የመጀመሪያ ቆረጣም አጌት አይሁን፤ ጥቂት ጡብ ቆርጦ ጠርዙ ይከፈት፤ ከዚያ ወደ ጠንካራው ድንጋይ ይግባ።